ሜዳውን ማካፈል
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ስለ አንደኛ ደረጃ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት የቀረበ ንግግር




ስለ መንገድና ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ለመመካከር በተሰበሰበ ጉባኤ ፊት ስለ ሕፃናት ጨዋታ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። «መሐንዲስንና አባሮሽን ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤትን ቅጥር ግቢ ፕላን የሚያወጣው፣ መሬቱን የሚያስደለድለው፣ ሜዳው የት ላይ እንደሚውል የሚወስነው ይኸው መሐንዲስ ነው። ከማኅበሩ አባላት መካከልም ልጆቻቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት በወላጆች ኮሚቴ የሚያገለግሉ ጥቂቶች አይደሉም። ከዚህም በላይ ጉዳዩ በመሠረቱ የስሌት ጉዳይ ነው። ያለውን ቦታ፣ ያለውን ጊዜና ያለውን መሣሪያ ለብዙ ሰው እንዴት ማብቃቃት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሙያ ባዳ አይደለም።

የአንድ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ

አንድ የአምስተኛ ክፍል ይታሰብ። ተማሪዎቹ 60 ናቸው፤ ኳሱ አንድ ነው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ለመውጣት፣ ለመሰለፍና ሰውነትን ለማሟሟቅ 10 ደቂቃ ቢሄድ የሚቀረው 30 ደቂቃ ወይም 1,800 ሴኮንድ ይሆናል። መምህሩ ልጆቹን በረድፍ አሰልፎ እያንዳንዱ በተራው ኳሱን በተደረደሩ ድንጋዮች መካከል እየነዳ እንዲመለስ ያዝዛል። አንዱ ሙከራ 15 ሴኮንድ ቢፈጅ በጠቅላላው 120 ሙከራ ይደረጋል። ይህ ለ60 ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ሙከራ፣ ማለትም 30 ሴኮንድ ብቻ ነው። የቀረውን 29 ደቂቃ ተኩል ልጁ የሚያሳልፈው ከፊቱ የቆመውን ጓደኛውን ማጅራት ሲመለከት ነው።

ሁለተኛው ልማድ ደግሞ አለ። መምህሩ ኳሱን ወደ ሜዳው መሐል ወርውሮ «ተጫወቱ» ይላል። ሃያ ሁለት ልጆች ይገባሉ፤ 38ቱ ዳር ይቆማሉ። ኳሱ ለገቡት በትክክል ቢዳረስ እንኳ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 82 ሴኮንድ ገደማ ነው። ነገር ግን ኳስ በትክክል እንደማይዳረስ ሜዳ አጠገብ ቆሞ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በሰፈራቸው ሲጫወቱ የኖሩ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ኳሱን እርስ በርሳቸው ይቀባበሉታል፤ ሌሎቹ ከኋላቸው ይሮጣሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ኳሱ ወደ እነርሱ እንዳይመጣ እየጸለዩ ጥግ ጥጉን ይይዛሉ።

እነዚህ ጥግ የያዙት ልጆች በዚያ ክፍለ ጊዜ ምንም አልተማሩም ማለት ስሕተት ነው። ተምረዋል። የተማሩትም «ሜዳ የእኔ ቦታ አይደለም» የሚለውን ነው። ልጅ በ10 ዓመቱ የተማረውን እንዲህ ያለ ትምህርት በ40 ዓመቱም አይረሳውም። ሩጫ የሚጠላ፣ በሥራ ባልደረቦቹ መካከል ጨዋታ ሲነሣ ሰበብ ፈልጎ የሚሸሽ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ የተፈጠረው በተፈጥሮው ስንፍና ሳይሆን በአንድ ረድፍ መጨረሻ ላይ በቆመበት ቀን ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ እንግዲህ ጎበዝ ተጫዋቾችን ስለ ማፍራት አይደለም፤ ስለ ቀሩት 54 ልጆች ነው።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ መጫን ግን አይገባም። መምህሩ በሁለቱ ልማዶች የሚጠቀመው ሌላ ስላልታየው ነው። በረድፉ ሥርዓትን ያገኛል፤ በ«ተጫወቱ» ደግሞ የልጆችን ደስታ ያገኛል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ነው።

ከእንግሊዝ አገር የተነሣው ጥያቄ

ይህንን ጉድለት አብጠርጥረው ካቀረቡት መካከል በእንግሊዝ አገር የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ዴቪድ በንከርና ሮድ ቶርፕ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። እ.አ.አ. በ1982 ባወጡት ጽሑፍ በአገራቸው ትምህርት ቤቶች ስለሚሰጠው የጨዋታ ትምህርት የሰነዘሩት ትችት ጠንካራ ነበር። ትምህርቱ ቴክኒክን ብቻ ስለሚያስቀድም ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ምንም ስኬት ሳያዩ እንደሚቀሩ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲወጡም ስለ ጨዋታ የሚያውቁት እጅግ ጥቂት እንደሆነ ገለጹ። «ጎበዝ» የሚባሉት ልጆች ሳይቀሩ ግትር የሆነ ቴክኒክ ይዘው፣ ሁኔታው ሲለዋወጥ ግን ተገቢውን ውሳኔ መስጠት ተስኗቸው፣ የመምህራቸውን ወይም የአሠልጣኛቸውን አፍ የሚጠብቁ ሆነው እንደሚያድጉ አስረዱ።

ያቀረቡት መፍትሔ የትምህርቱን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነበር። በተለመደው አሠራር ልጁ አስቀድሞ ማቀበልን፣ መቀበልን፣ መለጋትን ይለማመዳል፤ ጨዋታው የሚመጣው በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ ነው። በእነርሱ አሠራር ጨዋታው ይቀድማል። ልጁ ለዕድሜው የሚስማማ ጨዋታ ይጫወታል፤ የጨዋታውን ሕግና ዓላማ ይረዳል፤ ቀጥሎ ስልቱን፣ ማለትም ቦታ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚዘጋ ያስተውላል፤ ከዚያ «ምን ላድርግ?» እና «እንዴት ላድርገው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በየቅጽበቱ መመለስን ይማራል። ቴክኒክ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ ልጁ ራሱ አስፈላጊነቱን ሲያውቀው ነው። በመጨረሻም የተሻሻለ አጨዋወት ይዞ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

የበንከርና የቶርፕ ጽሑፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ነበር። ሐሳቡን በአሜሪካ ያስፋፉት ሊንዳ ግሪፊን፣ ስቲቨን ሚቸልና ጁዲት ኦስሊን እ.አ.አ. በ1997 ለመምህራን የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.አ.አ. በ2003 ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አዘጋጅተው አቀረቡ። ትንሽ ልጅ ስልት አይገባውም የሚለው አስተሳሰብ ለአባሮሽ የወጣን የ8 ዓመት ልጅ ካለማየት የመጣ ነው። ያ ልጅ አባራሪው ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የደከመውን ለይቶ ያባርራል፤ ጓደኛው ሊያዝ ሲል ጮኾ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ ስልት ነው፤ ያስተማረው ግን የለም።

ጨዋታን ማሳነስ ምን ማለት ነው

ዘዴው ያለ አነስተኛ ጨዋታ አይሠራም። አነስተኛ ጨዋታ ማለት የአዋቂዎችን ጨዋታ ቆርጦ ማሳጠር ብቻ አይደለም። የጨዋታውን ዋና ቁም ነገር ሳይለቁ፣ ልጁ ሊሸከመው በሚችለው መጠን ማቅረብ ነው።

የቁጥሩን ነገር ለመመልከት፣ በአሥራ አንድ ተጫዋቾች ቡድን ውስጥ በሁለት ሁለት ሰው መካከል ሊኖሩ የሚችሉት የማቀበያ መሥመሮች 55 ናቸው። በሦስት ልጆች ቡድን ውስጥ ግን 3 ብቻ ናቸው። ኳሱን የያዘው ልጅ በመጀመሪያው ጨዋታ ከ10 ሰዎች መምረጥ አለበት፤ በሁለተኛው ከሁለት። የ9 ዓመት ልጅ ከ10 መምረጥ ሲያቅተው ዐይኑን ጨፍኖ ይጠልዛል፤ ከሁለት መምረጥ ግን ይችላል። አዋቂዎች የሚጫወቱበት 105 በ68 ሜትር ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ስፋት ሲኖረው ለአንዱ ተጫዋች 325 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል። ሦስት ለሦስት በ12 በ10 ሜትር ሜዳ ሲጫወቱ ለአንዱ ልጅ 20 ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ኳሱ መቼም ከእርሱ አይርቅም። ሳያስብ የሚያርፍበት ጥግም አያገኝም።

ሁለተኛው ብልሃት አንድን የጨዋታ ችግር ሆን ብሎ ማጉላት ነው። ልጆች ሜዳውን በስፋት እንዲጠቀሙ ከተፈለገ «ተበተኑ!» እያሉ መጮኽ ፋይዳ የለውም። ለእያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጎል ፈንታ በሁለቱ ማዕዘኖች ሁለት ትናንሽ ጎሎችን መሥራት ይበቃል። አንዱ ጎል ሲዘጋ ልጁ ራሱ ቀና ብሎ ሌላውን ይፈልጋል። በገመድ ላይ ኳስ እየወረወሩ በሚጫወቱት ጨዋታም ሜዳውን ጠባብና ረጅም ማድረግ ይቻላል። ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ ያጣ ልጅ ባላጋራውን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ሌላ ጊዜ ከገመዱ ሥር ማስቀመጥን በራሱ ይደርስበታል። እዚህ ላይ የሚያስተምረው የሜዳው ቅርጽ ነው፤ የመምህሩ ድርሻ ቅርጹን ማውጣትና ማስተካከል ይሆናል።

አንድ ትምህርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ያው የአምስተኛ ክፍል ወደ ሜዳ ይውጣ። ለጀማሪዎች በእግር ከመጫወት በእጅ መጫወት ይቀልላል፤ ኳሱን ለመግራት የሚባክነው ሐሳብ ስለሚቀንስ ልጁ ዐይኑን ወደ ጓደኞቹ ማንሣት ይችላል። ሜዳው 12 በ10 ሜትር ነው። ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ። ኳሱን የያዘ አይሮጥም፤ ከእጁ ላይ አይነጠቅም፤ ነጥብ የሚቆጠረው ኳሱን ከባላጋራ መሥመር ጀርባ መሬት ላይ ያሳረፈ ጓደኛ ሲገኝ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሆነው የታወቀ ነው። ስድስቱም ልጆች እንደ ንብ በኳሱ ዙሪያ ይሰፍራሉ። መምህሩ ፊሽካውን ይነፋል፤ ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ።

«ኳሱን የያዘው ለማን ሊያቀብል ይችላል?»
«ለማንም፣ መምህር። ሁሉም ተይዟል።»
«ኳስ የሌላችሁ ሁለታችሁ ምን ብታደርጉ ይቀልለታል?»
«ራቅ ብንልለት።»
«ወዴት?»

በዚህ ጥያቄ ላይ ልጆቹ ይከራከራሉ። አንዱ ወደ ፊት ይላል፤ ሌላዋ ከያዛት ልጅ ጀርባ መውጣት ይሻላል ትላለች። መምህሩ አይፈርድም፤ «ሞክሩት» ብሎ ሦስት ለአንድ እንዲጫወቱ ያደርጋል። አንድ ተከላካይ ብቻ ሲኖር የተገኘው መልስ ቶሎ ይፈተናል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ወደ ሦስት ለሦስት ይመለሳሉ። መከማቸቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ሌላ ችግር ብቅ ይላል። ልጆቹ ክፍት ቦታ ቢያገኙም የሚወረወረው ኳስ ቀርፋፋና ከፍ ያለ ስለሆነ በመንገድ ላይ ይቀማል። «መምህር፣ እንዴት ነው ቶሎ የሚወረወረው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። መምህሩ ኳሱን በሁለት እጅ ከደረት ገፍቶ ማቀበልን የሚያሳየው አሁን ነው። በረድፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ያልጠየቀው ትእዛዝ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን ገበያ ያገኘ ዕቃ ነው።

በጥያቄ ማስተማር ከማዘዝ ይከብዳል። መምህሩ ጨዋታውን ማንበብ፣ መቼ እንደሚያስቆምና መቼ ዝም እንደሚል መለየት አለበት። በየደቂቃው ፊሽካ የሚነፋ መምህር የልጆቹን ጨዋታ ይገድላል፤ ፈጽሞ የማያስቆም ደግሞ «ተጫወቱ» ወደሚለው ልማድ ተመልሷል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ችግር፣ ለአንዱም ችግር ሁለትና ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

በአገር ቤት ያለው ሀብት

የዘዴው አራማጆች ጨዋታዎችን በስማቸው ሳይሆን በሚያቀርቡት ችግር በአራት ይከፍሏቸዋል። የባላጋራን ክልል በመውረር የሚደረጉ፣ በመረብ ወይም በግድግዳ የሚደረጉ፣ መትቶ በመሮጥ የሚደረጉና ዒላማን በመምታት የሚደረጉ ናቸው። የክፍፍሉ ጥቅም በአንዱ የተማሩት ለሌላው መርዳቱ ነው። በእጅ ኳስ ከያዘው ሰው መሸሽን ያወቀ ልጅ በእግር ኳስም በቅርጫት ኳስም ያንኑ ያደርጋል።

በዚህ ዐይን ሲታይ የኢትዮጵያ ልጆች ባዶ እጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት አይመጡም። የገና ጨዋታ በዱላና በሩር ይደረግ እንጂ ክልል የመውረር ጨዋታ ነው፤ ክፍት ቦታን መፈለግ፣ የሚያልፈውን መግታት፣ ለጓደኛ ማድረስ በሙሉ አሉበት። ብይ የዒላማ ጨዋታ ነው፤ መምታት ብቻ ሳይሆን የራስን ብይ ከባላጋራ ማራቅንም ይጠይቃል። አባሮሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ድብብቆሽ ልጁን በማምለጥና በመክበብ ያሠለጥኑታል። መምህሩ ከእነዚህ ቢነሣ ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገራል። እግር ኳስ ያልሆነለት ልጅ በብይ የክፍሉ አንደኛ ሊሆን ይችላል፤ ያም ልጅ «ስልት ዐውቃለሁ» ብሎ እንዲጀምር ዕድል ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዘዴው ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች አቃልሎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

አንደኛው፣ ቴክኒክ ይበድላል የሚለው ነው። ዘዴው ከወጣ በኋላ ከአሮጌው ጋር ለማወዳደር የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም። በጨዋታ ውስጥ ውሳኔ በመስጠት ረገድ አዲሱን የሚደግፉ ተገኝተዋል፤ በቴክኒክ ብቻ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህ በመጠኑ ሊያጽናና ይገባል። ልጆቹ እየተጫወቱ በመማራቸው ከተሰለፉት የባሰ ካልወረወሩ፣ መሰለፉን የሚያስመርጠው ምክንያት ምንድን ነው? ይሁንና ኳስ መያዝ ፈጽሞ ያልቻለ ልጅ የቱንም ያህል ቢያስብ መጫወት አይችልም። ለእንዲህ ያለው ልጅ ለስለስ ያለ ትልቅ ኳስና ጥቂት የግል ልምምድ ያስፈልገዋል። ዘዴው ልምምድን አያስቀርም፤ ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ።

ሁለተኛው ሥርዓት ይጠፋል የሚለው ነው። አሥር ጨዋታ በአንድ ጊዜ ሲካሄድ ጫጫታ አይቀርም። ነገር ግን ሥራ የያዘ ልጅ ጫጫታና ሥራ የፈታ ልጅ ረብሻ አንድ አይደሉም። የሜዳዎቹ ወሰን አስቀድሞ ከተሠመረ፣ ቡድኖቹ ለወር ያህል ካልተቀያየሩ፣ ልጆቹ ሜዳቸውን በቁጥር ካወቁ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ወጥቶ ጨዋታ መጀመር ከመሰለፍ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። በትንሹም ሜዳ ላይ ኃይለኛው ልጅ ኳሱን ይጠቀልላል። ይህንን ለማስተካከል «ነጥብ ከመቆጠሩ በፊት ሁሉም ይንኩት» የሚል ደንብ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ በተለይም ሴቶች ልጆች እንዳይረሱ በመልካም አሳብ ይታዘዛል። ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ወንዶቹ ኳሱን ለልጅቱ እንደ ቀረጥ ከፍለው ወዲያው መልሰው ይወስዱታል። ኳሱን ነክታለች፤ የወሰነችው ነገር ግን የለም። ከዚህ የተሻለው አቅማቸው የተቀራረቡ ልጆችን በአንድ ሜዳ ማገናኘት ነው። ጎበዞቹ እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ጨዋታው ይከብዳቸዋል፤ ጀማሪዎቹም እርስ በርሳቸው ሲገጥሙ ኳሱን የሚነጥቃቸው ሳይኖር ያስባሉ። በየሁለት ሳምንቱ እየተመለከቱ ማቀያየር ደግሞ ማንም ልጅ «የደካሞች ሜዳ» በሚል ስም ተለጥፎበት እንዳይቀር ያደርጋል።

አራተኛው፣ ለዚህ ሁሉ ልጅ ኳስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ለእጅ ጨዋታ በሚገባ የተጠቀለለ የጨርቅ ኳስ ይበቃል፤ ብዙ ስለማይነጥርም በትንሽ ሜዳ ላይ ይመቻል። ቦታው ለአሥር ሜዳ ካልበቃ አምስት ሜዳ ይሠራና ግማሹ ሲጫወት ግማሹ ሥራ ይሰጠዋል። ከሥራዎቹ አንዱ ዳኝነት ነው፤ ሌላው ምዝገባ ነው። ግሪፊን፣ ሚቸልና ኦስሊን እ.አ.አ. በ1998 ባቀረቡት የጨዋታ ብቃት መመዘኛ ከሚታዩት ነገሮች መካከል የውሳኔ ተገቢነት፣ ኳስ ለያዘው ጓደኛ መድረስና ሰው መያዝ ይገኛሉ። ዳር ያለው ልጅ በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ጥሩ ማቀበል አንድ፣ ለእያንዳንዱ ለተቀማ ኳስ አንድ ጭረት ቢያደርግ፣ ማየትን ይማራል። መምህሩም በሁለት ዐይኑ ሊያየው የማይችለውን በ30 ጥንድ ዐይን ያያል።

በዓለም ታላላቅ የእግር ኳስ ማኅበራት ዘንድ ትንሽነት የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቷል። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን እ.አ.አ. በ2012 ባሳለፈው ውሳኔ ከ7ና ከ8 ዓመት በታች ያሉት አምስት ለአምስት፣ ከ9ና ከ10 ዓመት በታች ያሉት ሰባት ለሰባት፣ ከ11ና ከ12 ዓመት በታች ያሉት ዘጠኝ ለዘጠኝ እንዲጫወቱ አደረገ። የጀርመን ፌዴሬሽን ደግሞ ከ2024/25 የውድድር ዘመን ጀምሮ ትንንሾቹ ልጆች ሁለት ለሁለት ወይም ሦስት ለሦስት፣ በአራት ትናንሽ ጎሎች እንዲጫወቱ ግዴታ አድርጓል። የዓለም ዋንጫን አራት ጊዜ ያነሣች አገር ልጆቿን በትንሽ ሜዳ ላይ ለማስጀመር ካላፈረች፣ ሌላው የሚያፍርበት ምክንያት አይኖርም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ክቡራንና ክቡራት፣

አሁን ወደ መነሻው ሒሳብ መመለስ ይቻላል። ከ1,800 ሴኮንድ ውስጥ 600 ሴኮንዱ ለጥያቄና ለማብራሪያ ቢሰጥ 1,200 ይቀራል። አሥር ሜዳና አሥር ኳስ ካለ ለ60 ልጆች የሚደርሰው የኳስ ጊዜ በአማካይ 200 ሴኮንድ ነው። አምስት ሜዳ ብቻ ካለ 100 ሴኮንድ ነው። በረድፉ የነበረው 30 ሴኮንድ እንደነበረ ይታወሳል። በዚህ ላይ በትንሹ ሜዳ ኳስ ያልያዘው ልጅም እያሰበ፣ እየሸሸ፣ እየዘጋ ነው፤ በረድፉ ግን ኳስ ያልያዘው ቆሟል።

ቦታውን በተመለከተ፣ 12 በ10 ሜትር የሆኑ አምስት ሜዳዎች በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሜትር ክፍተት እየተተወ ጎን ለጎን ቢሰለፉ 58 በ12 ሜትር፣ ማለትም 696 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። አሥሩን በሁለት ረድፍ ለማድረግ 58 በ26 ሜትር፣ ማለትም 1,508 ካሬ ሜትር ይበቃል። ይህም ከአንዱ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት ከሩብ ያነሰ ነው። የትምህርት ቤት ፕላን ሲወጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደረገው አንድ ትልቅ ሜዳ ለመሥራት መሞከር ነው። ቦታው ሳይበቃ ሲቀር «ሜዳ የለውም» ተብሎ ይተዋል፤ የተረፈው ቁራሽ መሬትም የአሸዋና የድንጋይ መከመሪያ ሆኖ ይቀራል። ለ22 ልጆች የሚሆን አንድ ሜዳ ማጣት ለ60 ልጆች የሚሆኑ አሥር ሜዳዎችን ማጣት አይደለም።

ከሙያው የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። መሬቱ ውሃ እንዳያቁር በመጠኑ እንዲያዘነብል ማድረግ፣ ሹል ድንጋይ ማስለቀም፣ የሜዳዎቹን ማዕዘኖች ከመሬት እኩል በተቀበረ ምልክት ማሳየት፣ መሥመሩን በኖራ ማስመር፣ መስኮት የሌለውን የሕንፃ ጎን ለኳስ መምቻ ተብሎ ለስልሶ እንዲለሰን ማድረግ ነው። በወላጆች ኮሚቴ ያሉት አባላት ደግሞ ትምህርት ቤቱ አንድ ውድ ኳስ ከሚገዛ ብዙ ርካሽ ኳሶች እንዲያዘጋጅ ማሳሰብ ይችላሉ። መምህሩም ልጆቹን ከማዘዝ ወደ መጠየቅ ሲሸጋገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሜዳው ሲደበላለቅ አይቶ የሚቆጣ ርዕሰ መምህር ሳይሆን የሚታገሥ ያስፈልገዋል። ትዕግሥቱን ለመለመን ደግሞ ከወላጅ የተሻለ አማላጅ የለም።

ይህ ሁሉ ቢደረግ ከክፍሉ ዝነኛ ተጫዋች ይወጣል ብሎ ተስፋ መስጠት አይቻልም። ሊባል የሚቻለው ያ በረድፉ መጨረሻ ሲቆም የኖረው ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ12 ሜትር ሜዳ ላይ እንደሚቆም፣ ኳሱም በየደቂቃው ወደ እርሱ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያደርግበትም እርሱ ራሱ እንደሚወስን ነው። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ኳሱም ይቀማል። ነገር ግን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ሌላ ኳስ ያገኛል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት «ዛሬ በየትኛው ሜዳ ነን?» ብሎ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው እርሱ ሊሆን ይችላል።